ሔርሜላና የከሰል ጥፍሮች

ሔርሜላ ሃብታሙ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቤቷ አማኑኤል ነው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ያለው ግቢ ውስጥ። አባቷ አቶ ሃብታሙ ሸማ ተራ ነጠላና ጋቢ ይሸጣሉ። እናቷ ወይዘሮ ባይነሽ ደግሞ እቤት ሆነው የነጠላ ዘርፍ ይቋጫሉ። በዚያው ግቢ፣ ግድግዳ ተጋርተው፣ እትዬ ሀፍሷ የሚባሉ ጎረቤት ይኖራሉ። እትዬ ሀፍሷ ሪሐና የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ አለቻቸው። የሪሐና የፊት ጥርሶች ወልቀዋል። ስለዚህ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ልጆች፣ ከእናንተም መካከል ጥርሳችሁ የወለቀ አላችሁ። አይዟችሁ፣ ይበቅላል።

አሁን ደግሞ ከሰልን ላስተዋውቃችሁ። ከሰል ውሻ ነው። ከጆሮው እስከ ጭራው ጥቁር ነው። አፍንጫው ጥቁር ነው። ጥፍሮቹ እንኳን ሳይቀሩ ጥቁር ናቸው።

ከሰል ጎረምሳ በነበረ ጊዜ ጠዋት ጠዋት አቶ ሃብታሙን እስከ ሸማ ተራ ይሸኛቸው ነበር። ከዚያ ብቻውን፣ በጋሪና በሸክም መካከል እየተሹለከለከ ይመለሳል። መንገዱ ድንጋይ ነው፤ ድንጋዩ ጥፍሩን ይሞርድለታል። አሁን ግን አርጅቷል። ጉልበቱን ያመዋል። ቀኑን ሙሉ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ሲሞቅ ይውላል። የግቢው ወለል ደግሞ ለስላሳ ሲሚንቶ ነው። ስለዚህ ጥፍሮቹ አደጉ፤ አደጉና እንደ ማጭድ ጎበጡ። ሲራመድ ያንሸራትተዋል። ሲቆምም ጣቶቹ ወደ ጎን ይጣመማሉ።

ሔርሜላ ከሰልን በጣም ትወደዋለች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ በበሩ ሥር አፍንጫውን አሹልኮ ይጠብቃታል። እሷም ቦርሳዋን ሳታወርድ ቁጢጥ ብላ ከጆሮው ኋላ ታክለታለች። እሱም ዓይኑን ይጨፍናል።

ነገሩ የተጀመረው ጥምቀት ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ነው። በዚያ ሰሞን ሸማ ተራ መፈናፈኛ እንደሌለው ታውቃላችሁ። ሰው ሁሉ ነጭ ልብስ ይፈልጋል። ወይዘሮ ባይነሽ ለደንበኛ የታዘዘ፣ ሰፊ ጥበብ ያለው ነጠላ ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ዘርፉን እየቋጩ ነበር። ከሰል እንደ ልማዱ ሊሻሻቸው መጣ። አንድ እግሩን ጉልበታቸው ላይ አሳረፈ። መልሶ ሲያወርደው ረጅሙ ጥፍሩ ክሩ ውስጥ ገባ። ከሰል ደነገጠና ጎተተ። ከጥበቡ መሐል ክር ተመዞ ወጣ።

«በስመ አብ! በስመ አብ!» አሉ ወይዘሮ ባይነሽ። «የሰው ነጠላ! የሰው ነጠላ እኮ ነው!»

ከሰል ጭራውን አጣብቆ ጥግ ያዘ። ጥፋቱ ምን እንደሆነ ግን አልገባውም።

ማታ አቶ ሃብታሙ ሲገቡ ወይዘሮ ባይነሽ የተመዘዘውን ክር አሳዩአቸው።

«ሃብቴ፣ እኔ አልቻልኩም» አሉ። «ጎጃም በረንዳ ያለው ወንድምህ ለመጋዘኑ ውሻ እፈልጋለሁ ሲል አልነበር? ከሰልን ይውሰደው።»

አቶ ሃብታሙ ሳቁ። «ይሄ ሽማግሌ ምን ሊጠብቅለት ነው?»

«ይጩህለት። መጮህ መቼ አቃተው!»

ሔርሜላ ይህን ስትሰማ ወደ ከሰል ዞረች። ጎጃም በረንዳ ሩቅ አይደለም። ነገር ግን መጋዘን ጨለማ ነው። እዚያ ከጆሮው ኋላ ማን ያክለታል?

«አባዬ፣ ጥፋቱ የጥፍሩ ነው እንጂ የእሱ አይደለም!» አለች። «ጥፍሩን እንቁረጠው!»

አባቷ ጥቂት አሰቡ። ከዚያ ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ አንድ ትንሽ መቁረጫ አወረዱ። የውሻ ጥፍር መቁረጫ ነው። ከሰል ባለፈው ዓመት ታሞ በነበረ ጊዜ የእንስሳት ሐኪሟ ዶክተር ናኢማ ናቸው ግዙለት ያሏቸው። አቆራረጡንም አሳይተዋቸዋል።

«ልክ ብላለች» አሉ አቶ ሃብታሙ ባለቤታቸውን እያዩ። «ጥፍሩ ይቆረጥ።»

«እንግዲያው ይቆረጥ» አሉ ወይዘሮ ባይነሽ። «ካልተቆረጠ ግን ይሄዳል።»

«አሁኑኑ እንቁረጥ!» ሔርሜላ መቁረጫውን ልትይዝ እጇን ዘረጋች።

«ቆይ፣ ቆይ። እስቲ ጣትሽን አሳዪኝ።» አባቷ እጇን ያዙና የጥፍሯን ጫፍ ነኩት። «ይህ ነጩ ሲቆረጥ ያምሻል?»

«አያመኝም።»

«ከሥሩ ያለው ሮዙስ?»

ሔርሜላ ጣቷን ቶሎ ሰበሰበች። «እሱማ ሥጋዬ ነው!»

«ከሰልም እንደዚያው ነው። ጥፍሩ ውስጥ ደም ያለው ሥጋ አለ። ጥፍሩ ነጭ ቢሆን ኖሮ ሥጋው የት ጋ እንደሚያልቅ ከውጭ ይታየን ነበር። የእሱ ግን ጥቁር ነው፤ ሸፍኖታል። ስለዚህ በቀን ብርሃን፣ ለሁለት ሆነን፣ ስስ ስስ እያደረግን ነው የምንቆርጠው። እሁድ ከቅዳሴ ስንመለስ እኔ እቆርጣለሁ፣ አንቺ ታባብይዋለሽ። እስከዚያ መቁረጫውን እንዳትነኪ። እሺ?»

«እሺ አባዬ።»

ልጆች፣ «እሺ» ማለት ቀላል ነው። ከ«እሺ» በኋላ ያለው ነው ከባዱ።

ቅዳሜ ሆነ። ትምህርት የለም። ጠዋት ሪሐና ቧንቧው አጠገብ የለስላሳ ጠርሙስ ይዛ ስትሮጥ ወደቀችና ጠርሙሱ ተሰበረ። እትዬ ሀፍሷ ሮጠው መጡ፤ እጇን አገላብጠው አዩ፤ ደህና ናት። ስባሪውን አንድም ሳያስቀሩ ጠረጉ። ከዚያ ወይዘሮ ባይነሽ ያ ነጠላ ክሩ ተስተካክሎ ስላለቀ ወደ ሱቅ ሊያደርሱ ተነሡ። ሲወጡ እንዲህ አሉ፦

«እትዬ ሀፍሷን እንዳታስቸግሪ። አባትሽ ነገም ገበያ ስላለ ሱቅ ሳይከፍት አይቀርም። የጥፍሩ ነገር እንኳን መድረሱን እንጃ። አጎትሽ እንደሆነ ሰኞ መኪና ይዞ ይመጣል።»

በሩ ተዘጋ። ሔርሜላ ግን ካለችበት አልተነቃነቀችም።

አባዬ ነገ ካልቆረጠ፣ አጎቴ ሰኞ ከመጣ፣ ከሰል ሄደ ማለት ነው! ብላ አሰበች።

ወንበር አስጠግታ ወጣች። ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ መቁረጫውን አነሣች። «እንዳትነኪ ተብለሻል» የሚል ነገር ልቧ ውስጥ ተሰማት። እሷ ግን «ለከሰል ብዬ ነው፤ አባዬም ሲያይ ደስ ይለዋል» ብላ መለሰችለት። እናንተስ፣ ለክፉ ነገር ጥሩ ምክንያት ፈልጋችሁ አታውቁም? እኔ አልጠይቃችሁም። እናንተው ለራሳችሁ መልሱ።

ከሰል ደረጃው ሥር ጥላው ላይ ተጋድሞ ነበር። እትዬ ሀፍሷ ቤታቸው ውስጥ ነበሩ። ሔርሜላ የቀኝ እግሩን አነሣች። ከሰል ስለሚወዳት ዝም አላት። የመጀመሪያውን ጥፍር ጫፉን ብቻ ቆረጠች። ምንም አልሆነም። ሁለተኛውንም ቆረጠች። ምንም አልሆነም።

«ይኸው! በጣም ቀላል ነው» አለች።

እንዲህ ስትል ልቧ ትንሽ አበጠ። እንዲህ ስስ ስስ እያልኩ መቼ እጨርሳለሁ ብላ ሦስተኛውን ጥፍር ከመሐሉ ያዘችና በሁለት እጇ ጨመቀችው።

ከሰል ጮኸ። እንደዚያ ሲጮህ ሰምታው አታውቅም። እግሩን መንጭቆ ተነሣና እያነከሰ ሮጠ። ከውኃው ሮቶ ጀርባ ገብቶ ተደበቀ። በሮጠበት ሁሉ ሲሚንቶው ላይ ቀያይ ነጠብጣብ ቀረ።

ሔርሜላ ተከትላው ሄደች። «ከሰል፣ ከሰልዬ፣ ና» አለች። አልመጣም። የሮቶው ጥግ ጨለማ ስለሆነ የሚታያት ዓይኑ ብቻ ነበር። እግሩን ሲልስም ይሰማታል።

በዚያች ሰዓት ሮጣ እትዬ ሀፍሷን ብትጠራ ምን ነበረበት? ነገር ግን ፍርሃት መጥፎ መካሪ ነው። ሔርሜላ መቁረጫውን በውኃ አጠበች፤ በቀሚሷ ጠረገች፤ ወንበር ላይ ወጥታ ወደ ቦታው መለሰችው። የተቆረጡትንም ጥፍሮች በመስኮት ወረወረች።

ወይዘሮ ባይነሽ ሲመለሱ መጀመሪያ ያዩት ደሙን ነው።

«ምንድን ነው ይሄ? ከሰል! ወይኔ እግሩ!»

እትዬ ሀፍሷ በጩኸቱ ወጡ። ሁለቱ እናቶች ነጠብጣቡን እያዩ ቆሙ። ነጠብጣቡ በቧንቧው አጠገብ ያልፋል።

«የጠዋቱ ጠርሙስ ነው» አሉ ወይዘሮ ባይነሽ።

እትዬ ሀፍሷ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «ጠርጌው ነበር እኮ ባይነሽዬ! አንድ ስባሪ አምልጦኝ ይሆናል። አፉ በይኝ።»

«ሔርሚ፣ ምን እንደነካው አይተሻል?» ሲሉ ጠየቁ ወይዘሮ ባይነሽ።

ሔርሜላ እግሮቿን እያየች «አላየሁም» አለች።

አያችሁ? ጠዋት አንድ ጥፋት ነበር። አሁን ሁለት ሆነ።

ሪሐና በር ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ፊቷ ተለወጠ።

«እኔ ነኝ የሰበርኩት» አለች። «ከሰል በእኔ ምክንያት ይሞታል?»

«አይሞትም፣ አይሞትም» አሉ እትዬ ሀፍሷ። «ግን ጠርሙስ ይዘሽ አትሩጪ አላልኩሽም?»

ሪሐና ማልቀስ ጀመረች። ዋናውን ለቅሶ ያለቀሰችው ግን ቤቷ ከገባች በኋላ ነው። ግድግዳው ስስ ነውና ለሔርሜላ ይሰማት ነበር። ከሰዓት በኋላ ሔርሜላ ገመድ ይዛ ወጣች። ሪሐና ግን ለመዝለል አልወጣችም።

ማታ አቶ ሃብታሙ ከሰልን ከሮቶው ጀርባ በዳቦ አባብለው አወጡት። እግሩን ሊያዩ ሲሉ አጉረመረመባቸው። ከሰል በሕይወቱ በአቶ ሃብታሙ ላይ አጉረምርሞ አያውቅም። ደሙ የደረቀ ቢመስልም ሲራመድ እንደገና ይጀምረዋል።

«ስባሪው ውስጥ ቀርቶ ይሆናል» አሉ አቶ ሃብታሙ። «ነገ ከቅዳሴ በኋላ ዶክተር ናኢማ ጋ እወስደዋለሁ። ሥጋውን ከፈት አድርገው ማውጣታቸው አይቀርም።»

ለእራት ሲቀርቡ እንደ ሁልጊዜው ቆመው ጸለዩ። ሔርሜላ ጸሎቱን በቃሏ ታውቀዋለች። ስለ በደል ይቅርታ የሚለምነው ላይ ሲደርሱ ግን አፏ ተያዘ። እናትና አባቷ ቀጠሉ። እሷ እራቷንም አልበላችም።

እሁድ ጠዋት ነጠላዋን ለብሳ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ሰንበት ትምህርት ቤትም ገባች። ልጆቹ እያጨበጨቡ ሲዘምሩ እሷ እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች። ዓይኗ ፊት ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በሌለ ጠርሙስ ምክንያት የከሰል እግር በሐኪም ሲከፈት።

እቤት ሲመለሱ አባቷ ከሰልን በአሮጌ ጋቢ ጠቀለሉት። ታክሲ ጠርተው ነበርና ተሸክመውት ወደ በሩ ሄዱ። ከሰል ጭንቅላቱን ትከሻቸው ላይ ጥሎ ያቃስታል። በዚህ መካከል የሪሐና ቤት በር ተከፈተ። ሪሐና ፀጉሯ አልተሠራም። ዓይኖቿ አብጠዋል። አንድ እሽግ ብስኩት ይዛለች፤ አልተከፈተም።

«ጋሼ ሃብታሙ፣ ሐኪሟ ሲያክሙት ይህን ስጡት» አለች። «ሆን ብላ አይደለም በሉት።»

ሪሐና ወደ ሔርሜላ ዞረች።

«ሔርሚ፣ ተጣልተሽኛል አይደል? ከሰልን ስላሳመምኩት።»

ከዚህ በኋላ ሔርሜላ መቆየት አልቻለችም።

«እሷ አይደለችም!» ብላ ጮኸች። «ጠርሙስም አይደለም! እኔ ነኝ! እኔ ነኝ አባዬ! ጥፍሩን ቆረጥኩት!»

ውጭ ታክሲው ጥሩንባውን ነፋ። አቶ ሃብታሙ ከሰልን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡትና እሳቸውም አጠገቡ ተቀመጡ።

«ቀስ ብለሽ ንገሪኝ» አሉ።

ሔርሜላ ሁሉንም ተናገረች። ወንበሩን፣ መቁረጫውን፣ በመስኮት የወረወረችውን። «አላየሁም» ያለችውንም ተናገረች። ያቺኛዋ ከሁሉም ይበልጥ ከበደቻት። ወይዘሮ ባይነሽ እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጫኑ። እትዬ ሀፍሷ ሪሐናን ወደ ራሳቸው ሳቡና አቀፏት።

አቶ ሃብታሙ አልተቆጡም። አልሳቁም ደግሞ። ከሰልን በቀስታ እያባበሉ ጋቢውን ገለጥ አድርገው እግሩን አዩ። እውነትም መዳፉ ደህና ነው። የተጎዳው ጥፍሩ ነው። ታክሲውን ትንሽ እንዲጠብቅ ነግረው ለዶክተር ናኢማ ደወሉ፤ ጠርሙስ መስሏቸው እንደነበርና ጥፍሩ መሆኑን አሁን እንዳወቁ ነገሯቸው፤ ሁሉም እንዲሰማም የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረጉ።

«ጣቱ አብጧል? ይሸታል?» ብለው ጠየቁ ዶክተር ናኢማ።

«አላበጠም። አይሸትም። ሲረግጥበት ግን ይደማል።»

«እንግዲያው አሁን ማመላለሱ ይጎዳዋል። ደረቅ ዱቄት፣ ስታርች ያለው፣ ደሙ ላይ ጫን አድርጋችሁ በንጹሕ ጨርቅ ያዙት። ቡላ ካላችሁ ቡላ ይሆናል። ቆመ አልቆመ እያላችሁ ቶሎ ቶሎ አትግለጡት። ሁለት ሦስት ቀን ጭቃና ውኃ እንዳይነካው። ካበጠ ወይም ደሙ አልቆም ካለ አምጡልኝ። ለመሆኑ ማነው የቆረጠው?»

አቶ ሃብታሙ ስልኩን ለሔርሜላ አቀበሏት።

«እኔ ነኝ ዶክተር» አለች ሔርሜላ በቀጭን ድምፅ።

«እንኳን ነገርሽኝ የኔ ልጅ። ባትናገሪ ኖሮ የሌለ ጠርሙስ ስፈልግ አሠቃየው ነበር።»

«ቡላ ነው ያሉት?» አሉ እትዬ ሀፍሷ። «እኔ ቤት ደግሞ መቼ ቡላ ጠፍቶ!» ወዲያው በትንሽ ሳህን ነጭ የቡላ ዱቄት ይዘው ተመለሱ። አቶ ሃብታሙ ባለ ታክሲውን ይቅርታ ጠይቀው አሰናበቱ። ከዚያ ከሰልን ያዙት። ወይዘሮ ባይነሽ ዱቄቱን ጥፍሩ ላይ ጫኑ። ሔርሜላ ከጆሮው ኋላ ልታክለት እጇን ዘረጋች። ከሰል ግን ፊቱን አዞረባት።

ልጆች፣ ያን ጊዜ ነው ሔርሜላ ምርር ብላ ያለቀሰችው።

ሲረጋጋ አቶ ሃብታሙ እንዲህ አሏት፦ «አሁን ወደ ሪሐና ሂጂ። ሌላው ነገር ከዚያ በኋላ ነው።»

ሔርሜላ ሪሐና ፊት ተንበረከከች። ስትንበረከክ ቁመታቸው እኩል ሆነ።

«ይቅርታ ሪሐና። ያለ ጥፋትሽ አስለቀስኩሽ።»

ሪሐና አየቻት። «ማታም አልቅሻለሁ» አለች።

«አውቃለሁ። ሰምቼሻለሁ።»

«ሰምተሽ ዝም አልሽ?»

«አዎ። ፈርቼ ነው።»

ሪሐና ትንሽ አሰበች። በስድስት ዓመት ዕድሜ እንዲህ ያለ ነገር መወሰን ቀላል አይደለም። በመጨረሻ «እሺ፣ ይቅር ብዬሻለሁ» አለች። «ብስኩቱን ግን ለከሰል የምሰጠው እኔ ነኝ፤ አንቺ አትሰጪውም።» ከዚያ እሽጉን ከፍታ አንድ ብስኩት ከሰል በሚበላበት ሳህን ላይ አስቀመጠችለት። ከሰል በላው። ሪሐና ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ አፏን በእጇ ሸፍና።

አቶ ሃብታሙ ልጃቸውን አጠገባቸው አስቀመጧት።

«እኔም ይቅር ብዬሻለሁ» አሉ። «መቁረጫውን መቼ እንደምትነኪ ግን የምወስነው እኔ አይደለሁም። ከሰል ነው። በፈቃዱ እግሩን ሲሰጥሽ ያን ጊዜ እናያለን።»

ሰኞ አጎቷ መኪና ይዘው መጡ። ወይዘሮ ባይነሽ «እስኪድን ይቆይ፤ ከዚያ እንነጋገራለን» ብለው መለሷቸው። ቁርጥ ያለ መልስ አልነበረም። ሔርሜላም አልጠየቀችም።

ከዚያ በኋላ ሥራዋ ጀመረ። የመጀመሪያው ቀን ስትቀርበው ከሰል የታመመውን እግሩን ደረቱ ሥር አጥፎ ደበቀ። አልነካችውም። ራቅ ብላ ተቀመጠችና ቁራሽ ዳቦ አስቀመጠችለት። በማግሥቱ ትከሻውን ብቻ ዳሰሰች። ሌላ ቀን ጉልበቱ ድረስ ወረደች፤ እግሩን ሲሰበስብ አቆመች። አንዳንድ ቀን ትቸኩልና ልትይዘው ይዳዳታል። ያን ጊዜ ጩኸቱ ትዝ ይላትና እጇን ትመልሳለች። ሪሐና አጠገቧ ቁጭ ብላ «ዛሬ እስከ የት ደረስሽ?» እያለች ትጠይቃታለች።

ጥምቀት አለፈ። ቁስሉ ዳነ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሔርሜላ እጇን ከፍታ መሬት ላይ አኖረች። ከሰል አሸተተው። ከዚያ ያን እግሩን፣ ያንኑ የታመመውን፣ አንሥቶ መዳፏ ላይ አሳረፈው። ሔርሜላ አልጨበጠችውም። «አባዬ» አለች በሹክሹክታ፣ «ሰጠኝ።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ አቶ ሃብታሙ ሱቁን ቀደም ብለው ዘጉ። ፀሐይ ግቢውን ሞልታው ነበር። ከሰል ጋቢው ላይ ተኛ። አባት አንድ እጃቸውን ትከሻው ላይ፣ አንድ እጃቸውን እግሩ ላይ አደረጉ። መቁረጫውን ለሔርሜላ ሰጧት። ቡላውም በሳህን አጠገባቸው ተቀምጧል፤ ድንገት ቢያስፈልግ ብለው። ሪሐና ከሰል በሚበላበት ሳህን ላይ ዳቦ የምታስቀምጥ ናት። ወይዘሮ ባይነሽ ነጠላ እየቋጩ ከደረጃው ላይ ያያሉ።

«ከጫፉ ብቻ» አሉ አቶ ሃብታሙ። «እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ አድርገሽ። ቀጥ አድርገሽ አይደለም፤ ጋደል አድርገሽ።»

ሔርሜላ ቆረጠች። ከሰል ጆሮውን አቀና እንጂ አልተነሣም። ሪሐና ዳቦ ሰጠችው።

«አሁን የተቆረጠውን ፊት ለፊት እዪው። ምን ይታይሻል?»

«ነጭ ነገር። ደረቅ ነው። ጠመኔ ይመስላል።»

«እንግዲያው ትንሽ ይቀራል። አሁንም ስስ።»

ሌላ ስስ ቆረጠች። አየች። ሌላ ቆረጠች። እንደገና ጎንበስ ብላ አየች።

«አባዬ! መሐሉ ላይ ትንሽ ጥቁር ነጥብ መጣች። እርጥብ ትመስላለች።»

«እሷ ናት። ሥጋው እዚያ ጋ ደርሷል ማለት ነው። እሷን ስታዪ ታቆሚያለሽ። ስንታገሥ ሥጋውም ወደ ውስጥ እየሸሸ ይሄዳል፤ ከሳምንት በኋላ ደግሞ ትንሽ እንቆርጣለን።»

እንዲህ እያሉ፣ ከመሬት የማይደርሰውን የጎን ጥፍር እንኳን ሳይረሱ፣ አንድ እግር ጨረሱ። አንዱን ጥፍር ቆርጣ ነጥቧን እስክታይ፣ ነጥቧን አይታ እስክታቆም ድረስ ሔርሜላ ቃል አትናገርም ነበር። ወይዘሮ ባይነሽ ከደረጃው ወርደው መጡ። ጎንበስ ብለው አዩ።

«አሁንም እኮ ረጅም ነው» አሉ። «ትንሽ ጨምሩበት እንጂ። ይህ ነጠላዬን መልሶ ይስበዋል።»

ሔርሜላ መቁረጫውን መሬት አኖረች። እናቷን ቀና ብላ አየቻቸው። ከሰል ይሄድ ይሆናል ብላ እንደገና ፈራች። ሆኖም እንዲህ አለች፦

«አይሆንም እማዬ። ነጥቧ ታይታለች። ከሳምንት በኋላ።»

ወይዘሮ ባይነሽ ልጃቸውን አዩ። የከሰልን እግር አዩ፤ በሔርሜላ መዳፍ ላይ እንደተኛ ነበር። ከዚያ ወደ ባለቤታቸው ዞሩ።

«ሃብቴ፣ ለወንድምህ ደውልለት» አሉ። «ለመጋዘኑ ሌላ ውሻ ይፈልግ።»

ሪሐና እየጮኸች ዘለለች። ሔርሜላ ግን አልዘለለችም፤ ከሰል እንዳይደነግጥ ብላ። ፊቷን በከሰል አንገት ውስጥ ቀበረች፤ እሱም ጆሮዋን ላሳት።

የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆቼ፣ ከዚህ የምንማረው ይህን ነው፦ ስናጠፋ ቶሎ እውነቱን እንናገር፤ የደበቅነው ጥፋት ምንም ያላደረገውን ሰው ያስለቅሳልና።